ከነጩ ቀለም ሥር

ማክሰኞ፣ ኦገስት 9 ቀን 2011፣ ከረፋዱ አምስት ሰዓት ከሃያ። በምሠራበት የአረጋውያን መጦሪያ የአንዲት ሴትዮ ፀጉር እያበጠርኩ ሳለ ስልኬ ጠራ። የደወለችው ይመኙሻል ነበረች፤ ከዳንፎርዝ ጎዳና ወረድ ብሎ ባለ አሮጌ ቤት ፎቁን ተከራይታ ከትንሽ ልጇ ጋር የምትኖር፣ በቤተ ክርስቲያን የማውቃት ወጣት ሴት።

«እትዬ ዓለምሸት፣ ነይ» አለችኝ። «ጋሽ ሰብስቤ ወድቋል።»

«ከምን ላይ ነው የወደቀው?»

«ነይ ብቻ።»

ስደርስ በሩ ላይ ቢጫ ሪባን ተስቧል። እህቱ ነኝ ስለው ፖሊሱ ክንዴን ይዞ ቀስ ብሎ ወደ ጎን ወሰደኝ። በዚያ ቀስታው ነው ያወቅኩት። በተከፈተው በር ወደ ፎቁ የሚያወጣው ደረጃ ይታያል። ከደረጃው ግርጌ የሆነ ነገር በነጭ ጨርቅ ተሸፍኗል፤ ከጨርቁ ጫፍ ብቅ ያለው ጫማ የወንድሜ ነው። ከጎኑ የአሉሚኒየም መሰላል ወድቋል። ደረጃው፣ ግድግዳው፣ የበሩ እጀታ ሳይቀር ዱቄት የተነዛበት ይመስል ነበር።

ይመኙሻል ጎረቤት በረንዳ ላይ ልጇን አክሱማዊትን ታቅፋ ተቀምጣለች። ልጅቷ አራት ዓመቷ ነው። «አቧራውን አትንኪ» ትላታለች እናቷ ደጋግማ። «አትንኪ ብዬሻለሁ።» ልጅቷ ግን ምንም አልነካችም።

ሱፍ የለበሰ፣ ጢሙን ሙልጭ አድርጎ የተላጨ ሰው ወደኔ መጣ።

«ዲቴክቲቭ በርናባስ እባላለሁ» አለኝ በአማርኛ። ስደነግጥ አይቶ «ከሱዳን በልጅነቴ ነው የመጣሁት። ሶሪ፣ አማርኛዬ ሰባት ዓመቴ ላይ ቆሟል። አንቺ እህቱ ነሽ?»

በአሥር ዓመት የሚያንሰኝ ሰው አንቺ ሲለኝ በሌላ ቀን ቢሆን ቅር ይለኝ ነበር።

«እህቱ ነኝ። ፍሌሚንግደን ሰፈር አብረን ነው የምንኖረው።»

«ጠዋት ኖርማል ነበር?»

«ደህና ነበር። ቡና እንኳን ሳይቀምስ ወጣ። የይመኙሻልን መስኮት አያለሁ ብሎ ነው የሄደው።»

«አያለሁ? ወይስ እሠራለሁ?»

«አያለሁ ነው ያለኝ።»

ጻፈው። «ላይ፣ መስኮቱ ጋ፣ የኤሌክትሪክ ሳንደር፣ የቀለም መፋቂያ ማሽን ነበር። ሴትየዋ ስትገባ ማሽኑ እየጮኸ ነበር፤ እሷ ናት የነቀለችው። ሶ፣ ሲሠራ ነው የወደቀው።»

«ወንድሜ አሮጌ ቀለም ላይ ማሽን አያስነካም» አልኩት። «መሬቱን ላስቲክ አልብሶ፣ ቀለሙን ውሃ ረጭቶ፣ በእጁ ነው የሚፍቀው። ገዳዩ አቧራው ነው ይል ነበር።»

«ሰው ሲቸኩል ብዙ ነገር ያደርጋል» አለ በርናባስ። ክፋት አልነበረውም። ብዙ የሞተ ሰው ያየ ሰው አነጋገር ነው።

ነገሩን ለማያውቅ ልንገር። በዚያ ሰፈር ያሉት ቤቶች የመቶ ዓመት ዕድሜ ያላቸው ናቸው። የድሮው ቀለማቸው ሊድ የሚሉት መርዝ አለበት። መስኮት በተከፈተና በተዘጋ ቁጥር ቀለሙ እየተፋቀ ይረግፋል፤ ሕፃን ልጅ ያንን በጣቱ ነክቶ ወደ አፉ ይሰደዋል፤ ደሙ ውስጥ ይገባል፤ አእምሮውን ይጎዳዋል። መንግሥት ትንሽ ልጅ ላለበት ቤት ባለቤት ያንን ቀለም የሚያስነሣበት ግራንት የሚሉት የድጋፍ ገንዘብ ይሰጥ ነበር። የይመኙሻል ቤት ባለቤት አቶ መንግሥቱ ግራንቱን ወስደዋል። ሥራውን የያዘው ፀጋዬ ነው፤ ወንድሜ ለዓመታት አብሮት የሠራው የቀለም ሥራ ተቋራጭ። በኤፕሪል ቤቱ «ጸድቷል» ተባለ። ይመኙሻልና ልጇ ሥራው እስኪያልቅ ዘመድ ቤት ቆይተው ተመለሱ፤ መስኮቱ ወተት መስሎ ጠበቃቸው። በጁላይ የልጅቷ ደም ሲመረመር ግን መርዙ ጨምሮ ተገኘ።

*

ለቅሶው የተቀመጠው እኔ ቤት፣ አሥራ አንደኛው ፎቅ ላይ ነው። ሊፍቱ አንዱ ተበላሽቶ ነበርና ሰው እያለከለከ ይገባል። ሴቶቹ ምስርና ሽሮ ይዘው መጡ። አንዷ ፍሪጁን ልታጸዳ ስትል የሰብስቤን ጠርሙስ አንሥታ «ይሄ ይደፋ?» ብትለኝ ጮኽኩባት። እንዳለ መለሰችው።

በሁለተኛው ቀን ፀጋዬ መጣ። በሁለት እጁ ትልቅ የካርቶን ትሪ ይዟል፤ ደብል ደብል ቡና፣ ክሬሙ የበዛበት፣ ለሃያ ሰው የሚሆን። ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠና ወለሉ ላይ ተደፍቶ አለቀሰ።

«ጥጃዬ! ጥጃዬን!»

ወንድሜን በሥራ ቦታ የሚጠሩት እንዲያ ነበር። አሮጌ ቀለም በሚነሣበት ቤት ሁሉ የመስኮቱ ደፍ ላይ የሰብስቤ ወተት አይጠፋም። አዲስ አበባ ቀለም ቀቢ እያለ የለመደው ነው፤ ወተት ደረት ያጥባል፣ መርዝ ይሽራል ይላል። ሐኪም እንደዚያ አይደለም ቢለውም አልተወም። ፀጋዬ ነው ጥጃው ብሎ ስም ያወጣለት።

ቡናውን ማንም አልጠጣውም። ቀዝቅዞ ቀረ፤ ማታ እኔው ደፋሁት።

ፀጋዬ ግን የሚገባውን ሁሉ አደረገ። የመቃብሩን ቦታ እሱ ጨረሰ። ቄሶቹን እሱ አመላለሰ። ሬሳውን ከተሸከሙት አንዱ እሱ ነበር። ከቀብር ስንመለስ መኪናው ውስጥ ድምፁን ዝቅ አድርጎ እንዲህ አለኝ፦

«ዓለሜ፣ እኔ አንቺ ነገሩን እንዳታከሪው ብዬ ነው። ፖሊስ ብዙ ከቆፈረ የሚወጣው ለሰብስቤ ጥሩ አይደለም።»

«ምን ይወጣል?»

«በኤፕሪል ያንን ቤት የሠራው እሱ ነው። እኔ አምኜ ለቀቅኩለት። በደንብ አላነሣውም መሰለኝ። ማክሰኞ ነገሩ ሳይሰማ ሊያስተካክል ሄዶ ነው።» ዓይኑን ጠረገ። «ስሙን ልሸፍንለት እየሞከርኩ ነው፣ ገባሽ?»

«በኤፕሪል ሪጀንት ፓርክ፣ አዲሱ ሕንጻ ላይ ነበር የሚሠራው» አልኩት።

«ቀን ቀን ነዋ» አለኝ በርኅራኄ።

አላመንኩትም። ግን ውሸት ሳይሆን ስህተት ነበር የመሰለኝ።

*

በርናባስ ይመኙሻልን ሲጠይቃት እኔም ተቀምጬ ነበር። አማርኛው ሲያልቅበት እንድረዳው ጠርቶኛል።

«እሑድ ዕለት ከቸርች ስትወጡ ጮኸሽበታል» አላት። «ሰዎች ሰምተዋል።»

«ጮኼበታለሁ» አለች። እንባዋን አልደበቀችም። «ልጄን የመረዝካት አንተ ነህ አልኩት። ቀለም ቀቢው እሱ ነው ሲሉ ሰምቼ ነበራ።»

«እና ከዛ ትርፉን ቁልፍ ሰጠሽው? ጠላትሽን?»

«‹ያንን ቤት እኔ አልነካሁትም፤ ማክሰኞ መጥቼ ልየው፤ ልጅቷን ይዘሽልኝ ውጪ› አለኝ። አነጋገሩ... ሲናገር ልጄን እያየ ነበር። ሰጠሁት።»

«ማክሰኞ ጠዋት የት ነበርሽ?»

«ክሊኒክ። ደም ሊወስዱላት። ነርሷን ጠይቃት፤ አትረሳንም፤ አክሱማዊት ነክሳታለች።»

በርናባስ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለ። ነርሷ ጋ ደውሎ ሲመለስ «ኢት ኢዝ ትሩ» አለኝ። «ፎቶ ልላክልህ ወይ አለችኝ፣ የጥርሱን።»

ይመኙሻል በሩ ላይ ያዘችኝ። «እትዬ፣ እውነቱን ንገሪኝ። እሱ ነው እንዴ የሠራው?»

«አይደለም።»

«ታዲያ ለምን ማሽን ይዞ መጣ? ቤቱ በሙሉ አቧራ ሆኖ፣ ልጄን ይዤ የት ልግባ?»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ለቅሶ ቤት መምጣት ተወች።

*

የአንዲት ግሪካዊት አሮጊት ጎረቤት ቃል ነው በርናባስን ወደ አቶ መንግሥቱ የመራው። አሮጊቷ ያን ጠዋት ጓሮዋ ውስጥ ቲማቲሟን ታጠጣ ነበር፤ መንገዱ አይታያትም፣ ግን ትሰማለች። መጀመሪያ ማሽኑ መጮህ ጀመረ። ከዚያ ከፊት ለፊት የመኪና በር ተዘጋ፣ መኪናው ሄደ። ጩኸቱ ሲያስመርራት ገብታ መስኮቷን ዘጋች። ቆይቶ ደግሞ በር ሲደበደብ ሰምታ በመጋረጃ አየች፤ የቤቱ ባለቤት ሽማግሌው ናቸው።

አቶ መንግሥቱ ደግሞ ቀድመው ለፖሊስ ያን ቀን ከቤቴ አልወጣሁም ብለው ነበር።

ዳንፎርዝ ላይ ዘወትር ከሚቀመጡበት ካፌ ነው ያገኘናቸው። በደርግ ጊዜ የወጡ፣ ባርኔጣቸውን የማያወልቁ ሰው ናቸው።

«ዋሽተዋል፣ ጋሼ» አላቸው በርናባስ ፊት ለፊት።

«ማንን ነው ዋሽተዋል የምትል? አባትህ ማነው?»

«ዘ ኔይበር አይታዎታለች።»

ባርኔጣቸውን ወደ ኋላ ገፋ አደረጉ። «እሺ፣ መጣሁ። አንኳኳሁ። ማሽን ይጮሃል፣ የሚከፍት የለም። ሄድኩ። ምን ይሁን?»

«ለምን ደበቁ?»

«ተከራይዋን ላስወጣት ነበራ!» ካፌው ሁሉ ዞሮ አየን። ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ሐኪሙ ለከተማው ደውሏል፤ ተቆጣጣሪ ይመጣል። ቀለሙ ካልተነሣ ግራንቱን መልስ ይሉኛል። ልጅ ከሌለበት ግን ማን ይመጣል? ልቀቂ ልላት ሄድኩ። አሁን ይሄ ለሰው ይነገራል?»

«የሰብስቤን እህት ያውቋታል?» አላቸው በርናባስ ወደኔ እያመለከተ።

ቀና ብለው አዩኝ። ባርኔጣቸውን አወለቁ። «ልጄ፣ እግዜር ያጽናሽ። እኔ ወንድምሽን በእጄ አልነካሁም። ቤቴን ግን አይቼ አላውቅም፤ ሠርተናል ሲሉኝ ፈረምኩ።»

በርናባስ ለቀናት አልለቀቃቸውም። ማሽኑ ከጀመረ በኋላ የሄደው መኪና የሳቸው ቢሆንስ? መጀመሪያ መጥተው፣ ሄደው፣ ለይምሰል ተመልሰው ቢያንኳኩስ? ያዳናቸው ፀጉር አስተካካያቸው ነው። ያን ጠዋት ሱቁ ሲከፈት ገብተው፣ ጢማቸውን አሳጠርከው ብለው ብዙ ሲጨቃጨቁት ቆይተዋል። ማሽኑ መጮህ ሲጀምር ወንበሩ ላይ ፎጣ ለብሰው ነበሩ።

ፀጋዬም የሚጠረጠርበት አልነበረም። እንዳለው ከሆነ በጠዋት መሰላሉንና ማሽኑን ሊሰጠው ጎራ ብሎ፣ ሰብስቤ ሥራ ሳይጀምር ትቶት ቀለም መደብር ሄዷል፤ የመደብሩ ሰው መስክሯል። አሮጊቷ የሰማችውን ቅደም ተከተል ደግሞ በርናባስ «አሮጊት ናት፣ አምታታችው» ብሎ ተወው።

*

ኦገስት ሊያልቅ ሲል በርናባስ ጣቢያ ጠራኝ። ትንሽ ክፍል ውስጥ አስቀመጠኝ፤ ውሃ አመጣልኝ።

«ሰኞ ፋይሉን ልዘጋው ነው» አለ። «አክሲደንት። ሆዱ ባዶ ነው፣ አልኮል የለም፣ መድኃኒት የለም። ከመሰላል ወደቀ፣ ጭንቅላቱን መታ። በዛ ላይ ያለ ሴፍቲ በደረቁ ሳንድ አድርጓል። ሪፖርቱ እንደዛ ነው የሚለው።»

«ልጅቷንስ?»

ወረቀቶቹን አስተካከለ።

«ልጅቷንስ እሱ መረዛት ነው የሚለው?»

«የኤፕሪሉን ሥራ እሱ ሠራው ብሏል ፀጋዬ። ሌላ የሚል ሰው የለኝም።»

ወንድሜ ከሞተ በኋላ ያን ያህል የፈራሁበት ሰዓት የለም። ሞቱን ተቀብዬ ነበር። ሕፃን መርዞ፣ ሊደብቅ ሲል ሞተ ተብሎ መጻፉን ግን፣ ቤተ ክርስቲያን በገባሁ ቁጥር ይመኙሻል ፊቷን ስታዞርብኝ መኖሩን፣ አልቻልኩም።

«ዕቃውን ልመልስልሽ» አለ። «የሱ የሆነውንና የኮምፓኒውን ለዪልኝ።» ፎቶዎቹን ጠረጴዛው ላይ ደረደረ።

መሰላሉ የፀጋዬ ነው። ሳንደሩም። ትንሿ የእጅ መፋቂያ የሱ ናት፤ እጀታዋን በፕላስተር የጠቀለልኩለት እኔ ነኝ። የውሃ መርጫውም የሱ ነው።

«ይሄ ኪሱ ውስጥ ነው የነበረው። ምንድነው?»

የታጠፈ እርጥብ ወረቀት ነው፤ ውስጡ የጥፍር ያህል የቀለም ስባሪዎች። ላያቸው ነጭ፣ ከነጩ ሥር አረንጓዴ፣ ከአረንጓዴው ሥር የቆሸሸ ክሬም።

«ረጥቦ ነው የተፋቀው» አልኩት። «ሊያሳየው ፈልጎ ነው። አሮጌው ቀለም አልተነሣም፤ ላዩን ነው የተቀባው። አያለሁ ያለኝ ይሄንን ነው።»

«ሜይቢ» አለ። «ቀጥሎ?»

የመጨረሻው ፎቶ የመስኮቱ ደፍ ነው። የወተት ካርቶን፣ አፉ የተከፈተ፣ ግማሽ።

ብዙ አየሁት መሰለኝ። «ዓለምሸት?» አለኝ።

«ይሄ የሱ አይደለም።»

«ሁሉም ሰው ሚልክ ይጠጣል ብሎኛል። ጥጃ ይሉታል አይደል? ፀጋዬ እዛው ቁጭ ብሎ ሲጠጣው አይቷል።»

«ሲጠጣው አየሁ አለህ?»

«ከመሄዱ በፊት። ሥራ ሳይጀምር።»

«በርናባስ፣ ኦገስት ዘጠኝ ፍልሰታ ነው።»

ፊቱ ላይ ምንም አልነበረም። «ምንድነው እሱ?»

«ጾም። እናንተ ቤት አይጾምም?»

«አባዬ ጴንጤ ነው።»

«ከነሐሴ አንድ ጀምሮ ለእመቤታችን የሚጾም ነው። ሕፃናት ሳይቀሩ ይጾሙታል። ሥጋ የለም፣ ቅቤ የለም፣ ወተት የለም። እሱ ደግሞ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውሃም አይቀምስም። በጾም የሚይዘው ተልባ ነው፤ ሥራ ካለው ለማታ በጠርሙስ ይይዛል። ያን ቀን ጠርሙሱን ፍሪጅ ውስጥ ትቶት ሄደ። አሁንም እዚያው ነው፤ ልደፋው አልቻልኩም። ሊሠራ አልሄደም።»

«ሰው ጾም ያፈርሳል» አለ ቀስ ብሎ። «አንድ ቀን ቢጠማው...»

«ሆዱ ባዶ ነው ያልከኝ አንተ ነህ።»

እስክሪብቶውን አስቀመጠ። ፎቶውን ወደ ራሱ ስቦ አየው።

«ባዶ ሆድ ያለው ሰው ግማሽ ሊትር ወተት ጠጥቷል» አለ ለራሱ። ከዚያ ወደኔ፦ «አሮጊቷ አላምታታችውም። ማሽኑ ሲነሣ ፀጋዬ ገና እዛ ነበር። ቤት ሂጂ። ለማንም አትናገሪ። ለቄሱም አትናገሪ። ገባዎት?»

በዚያ ጭንቀት ውስጥ እርስዎ እንዳለኝ እሱም አላወቀ።

*

መቶ ቁጥር አውቶቡስ ይዤ ቤት ስደርስ ፀጋዬ ከሕንጻው በር ላይ ቆሟል። የፍራፍሬ ከረጢት ይዟል።

«ብቻሽን መሆንሽን ሳስብ አላስችል አለኝ» አለ። በሊፍቱ ውስጥ ሁለታችን ብቻ ነበርን። ቁጥሮቹን እያየሁ ወጣሁ።

ሻይ አቀረብኩለት። የሰብስቤ ወንበር ላይ ተቀመጠ፤ ሌላ ወንበር አልነበረም። ተመለስ ብዬ ልሸኘው እችል ነበር። ግን አንድ ጊዜ ከራሱ አፍ መስማት ፈለግኩ።

«ጋሽ ፀጋዬ፣ በመጨረሻ ያየኸው አንተ ነህ። እስቲ ንገረኝ፤ ምን ይል ነበር?»

ፊቱ በራ። ሐዘንተኛን ማጽናናት የሚያውቅበት ሰው ነው።

«ምን ይላል፣ ይቀልዳል እንጂ! ደረጃው ጫፍ ላይ ቁጭ ብሎ ያቺን ወተቱን ይጠጣል። ‹ጥጃው፣ ዛሬም ጡት አልጣልክም?› ብለው፣ ‹አንተም ብትጠጣ ይሻልሃል፣ ሳንባህ ኖራ ሆኗል› አለኝ። ሳቅን። ትቼው ወጣሁ። ሳቁ እስካሁን ጆሮዬ ላይ ነው።»

«ጠጣው?»

«ፊቴ ነዋ። ግማሹን ጠጥቶ ግማሹን መስኮቱ ላይ አስቀመጠ። ምነው?»

«ምንም። ሳይበላ ወጥቶ ነበርና፣ በባዶ ሆዱ እንዳይሆን የሞተው ብዬ ነው።»

«አይዞሽ፣ ባዶውን አልሞተም» አለኝና እጄን ያዘ። እጁ ሙቅ ነበር። ቀና ብሎ ተመለከተኝ። «ምነው እጅሽ ቀዘቀዘ?»

«እንቅልፍ አጥቼ ነው።»

«ሰኞ ይዘጋል አሉኝ፣ ፋይሉ።»

«አዎ፣ ሰኞ።»

«ይሻላል» አለ። ሻዩን ጨረሰ፤ ብርጭቆውን ራሱ አጥቦ አስቀመጠ። ሲወጣ በሩን ቆለፍኩ፤ ሰንሰለቱን አስገባሁ፤ ከዚያ ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ። ለበርናባስ የደወልኩት ከወለሉ ላይ ሆኜ ነው።

*

ካርቶኑ ላይ የሰብስቤ የጣት አሻራ አልነበረም። ከቤቱ ጥግ ያለው ሱቅ ባለቤት ኮርያዊ ነው፤ የካሜራውን ቅጂ ወር ሳይሞላው አይደመስስም። በርናባስ ቁጭ ብሎ የኦገስት ዘጠኝን ጠዋት አየ። ፀጋዬ ይገባል። በቀጥታ ወደ ፍሪጁ ሄዶ አንድ ካርቶን ወተት ያነሣል። ፀጉሩና ትከሻው ነጭ ነው። ባለሱቁ የሆነ ነገር ይለዋል፤ ፀጋዬ ይስቃል፤ ትከሻውን ያራግፋል። ባለሱቁ ሲጠየቅ ያለውን አስታወሰ፤ «በበጋ በረዶ ጣለብህ እንዴ?» ነበር ያለው። ማሽኑ ያን ጊዜ ቤቱ ውስጥ ብቻውን እየጮኸ ነበር።

ፀጋዬን ሪጀንት ፓርክ አንድ ሕንጻ ፊት ለፊት፣ ዕቃ ከመኪናው ሲያወርድ ያዙት። በርናባስ ከጠየቀው በኋላ ቤቴ መጥቶ ነገረኝ። ጫማውን በር ላይ አወለቀ፤ ማን እንዳስተማረው አላውቅም።

«ሰብስቤ ጠዋት ኮል አድርጎለታል፤ ‹ና እይ› ብሎ። መጣ። መስኮቱ ጥግ ላይ የፋቀውን አሳየው። ፀጋዬ ሌላ ጊዜ እናስተካክለዋለን፣ ሌሎች ግራንት ቤቶችም አሉን፣ አፍህን ዝጋ አለው። ወንድምሽ ‹ዛሬ ለከተማው እናገራለሁ፤ ልጅ ያለበት ቤት ነው› አለ። ደረጃው ጫፍ ላይ ተያያዙ። ገፋሁት እንጂ ልገድለው አልነበረም ይላል።»

«ሲወድቅ ሞተ?»

«ወዲያው።» ማስታወሻውን ገለጠ። «ከዛ መሰላሉንና ሳንደሩን ከቫኑ አመጣ። መስኮቱን ሳንድ አድርጎ ቤቱን አቧራ ሞላው፤ ማሽኑን እንደበራ ትቶ በሩን ገርበብ አድርጎ ወጣ። ሱቁ ጋ ሲደርስ ወተቱ ትዝ አለው። ገዛ፣ ተመለሰ፣ ግማሹን ደፋ፣ በሩን ስቦ ዘግቶ ሄደ። ረቡዕና ዓርብ እንደማይጠጣ ያውቃል። ማክሰኞ ነበር፤ ሌላ አላሰበም። ጾም ከተወ ብዙ ዓመት ሆኖታል።»

«ግን ለምን?» አልኩት። «ለፖሊስ መሰላሉና ማሽኑ ይበቃው ነበር። አንተ ራስህ አምነህ ነበር። ወተት ለምን አስፈለገው?»

በርናባስ ወለሉን አየ።

«እኔም ጠየቅኩት። ‹ፖሊሱ ያምናል፣ እህቱ ግን ወተቱን ካላየች አታምንም› አለኝ።»

ያን ወተት የገዛው ለእኔ ነው። ያን ሁሉ ዘመን ቤታችን ገብቶ የበላ ሰው፣ ወንድሜን ከደረጃ ሥር አስተኝቶ፣ እኔን ለማሳመን ምን እንደሚያስፈልግ ቆሞ አሰበ።

ፍሪጁን ከፍቼ ጠርሙሱን አወጣሁ። ተልባው ተበላሽቶ ነበር። ደፋሁት፤ ጠርሙሱን አጠብኩት።

ፀጋዬ ጥፋቱን አምኖ ታሰረ። እሱ «አጸዳሁ» ያላቸው ሌሎች ቤቶች እንደገና ተመረመሩ፤ አብዛኞቹ ላይ አሮጌው ቀለም ከነጩ ሥር እንዳለ ነበር። በሰብስቤ ሪፖርት ላይ አክሲደንት የሚለው ተሰርዞ ሰው እንደገደለው ተጻፈ። አቶ መንግሥቱ ግራንቱን እንዲመልሱ ተጠየቁ፤ የደረጃው መስኮት ተነቅሎ በአዲስ የተተካው በሚቀጥለው ዓመት በሜይ ነው። እስከዚያ ድረስ ይመኙሻልና አክሱማዊት እኔ ጋ፣ በሰብስቤ ክፍል ውስጥ ኖሩ።